ግድብ ሠርቶ ግርጌውን መርሳት

የደምበጫ ገበሬ በነሐሴ ተምጫን ለመሻገር ሲያስብ አስቀድሞ ወደ ጮቄ ይመለከታል። ተራራው ከጠቆረ ከብቱን ከወንዙ ዳር ያርቃል፤ ማስታወቂያ የጻፈለት የለም፣ ሰማዩ ነግሮታል። በግድብ የተያዘ ወንዝ ግን እንዲህ አይታወቅም። ሙላቱን የሚለቀው መዝጊያውን የያዘ ሰው ነውና፣ የመናገሩም ግዴታ ከሰማይ ወደ እርሱ ይዛወራል። ስለ ቆቃ ግድብ የሚጻፈውን ስንመረምር ጎድሎ ያገኘነው ይኸው ነው።

ቆቃ ከኢጣልያ በተከፈለ የጦር ካሣ በአዋሽ ላይ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። ዋና ዓላማው የኤሌክትሪክ ኃይል ነበር። የክረምቱን ውሃ ይዞ ለበጋ በማካፈሉም ከግርጌው የሸንኮራና የጥጥ እርሻ እንዲስፋፋ ረድቷል፤ ውለታውን አንክድም። ነገር ግን ኃይል አመንጪው ሐይቁ ሞልቶ እንዲያድር ሲወድ፣ ሙላት ከልካዩ ባዶ ስፍራ ይሻል። በዚህም ላይ ከደጋው ታጥቦ የሚወርደው ደለል ስፍራውን ከዓመት ወደ ዓመት ያጠበዋል። ክረምቱ በበረታ ጊዜ እንግዲህ ከመክፈት በቀር ምን ምርጫ አለ? ካልተከፈተ ግድቡ ራሱ ያሠጋል።

ስለዚህ ነቀፌታችን በመክፈቱ ላይ አይደለም። ግድቡ ጥቂት ዓመት ሙላቱን ሲያለዝብ ሰው ተማምኖ ወደ ወንዙ ዳር ይጠጋል፤ የግድቡ ዝና ሲነገር ግን ሜጋዋቱ እንጂ ይህ ሰው አይነሣም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ከቆቃ የተለቀቀው ውሃ ከገባር ወንዞች ሙላት ጋር ተጋጥሞ በአፋር ከ100,000 በላይ ሰው ተጎዳ።

ማስጠንቀቂያ በራዲዮ መነገሩና መንጋውን ይዞ ለሚዘዋወር አርብቶ አደር መድረሱ ግን ልዩ ልዩ ነገር ነው። ውሃው ከቆቃ ተነሥቶ ታችኛው አዋሽ እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። አፋሮች በበኩላቸው መንገደኛ ከመንገደኛ ወሬ የሚለዋወጡበት ዳጉ የሚባል ልማድ አላቸው፤ ፈጣንነቱም የታወቀ ነው። መቼና ምን ያህል ውሃ እንደሚለቀቅ በአፋርኛ ለጎሣ መሪዎች ቢደርሳቸው የቀረውን ዳጉ ያደርሰዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ከግድቡ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይመስለንም።

ነገሩ የአዋሽ ብቻ አይደለም። በእኛው በጎጃም፣ በሜጫ፣ የኮጋ ግድብ ለመስኖ ውሃ ይዞ ተቀምጧል። ከግርጌው ያለው ገበሬ መዝጊያው ሲከፈት ማን እንደሚነግረው በመጪው የዕረፍት ጊዜ ሄደን ልንጠይቅ አስበናል።