ኤርታሌ በፒያሳ

ሐዋሳ ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣሁ ሳለ፣ አጠገቤ ከቆመ ባጃጅ የጃኖ ባንድ ዘፈን ተሰማ። ባጃጁ ተሳፋሪ ጭኖ ሄደ፤ እኔ ግን ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን የባንዱን «ኤርታሌ» አልበም ከመጀመሪያው ጀመርኩት።

ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው። ከእንግሊዞቹ ሞተርሄድ ጋርም፣ ከእኛዋ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ጋርም የሠራ ሰው ነው፤ ይህ ልምዱ አልበሙ ውስጥ ይሰማል። የባንዱ ጊታሪስት የሚካኤል ኃይሉ ጊታር እያጓራ ይመጣና አምስት ድምፅ ባለው ቅኝታችን ውስጥ ይመላለሳል። ክሩን ወደ ላይ ስቦ ሲያቆየው ማሲንቆ የሚያንጎራጉር ይመስለኛል። ከበሮው ከባድ ነው፤ ትከሻ ግን አያሳርፍም።

ድምፃውያኑስ! ኃሌሉያ ተክለጻድቅ፣ ሔዋን ገብረወልድ፣ ዲበኩሉ ታፈሰና ኃይሉ አመርጋ። ባንዶቻችን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዘፋኝ ያጅባሉ፤ እዚህ ግን አራቱ ይቀባበላሉ። ወንዶቹ ዜማውን ከታች ሲይዙት ሴቶቹ ከላይ ይነጥቋቸዋል፤ ከዚያ አራቱም ባንድነት ሲነሱ የሠርግ ቤት ጭፈራ በኤሌክትሪክ የተቀጣጠለ ያህል ነው። እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ።