ሆዴን ባር ባር ይለኛል

ጋይንት ውስጥ፣ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ፣ ሥራ የሚበዛብኝ ቀን ስሟ የሚናገረው ቀን ነው። ሰው ሳይካትሪ ነርስ ላማክር ብሎ ከቤቱ አይነሳም። እንቁላሉን ሸጦ፣ ጨውና ሳሙናውን ገዝቶ ሲመለስ ነው ወደ እኛ ጎራ የሚለው። አግዳሚው ጫፍ ላይ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ የተቀመጠች ሴት ካየሁ፣ ካርዷ ላይ «ጨጓራ» የሚለው ቃል ሦስት አራት ጊዜ እንደተጻፈ ሳልገልጠው እገምታለሁ።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት እናቴ?»

«ሆዴን ባር ባር ይለኛል ልጄ። ራሴን ይፈልጠኛል። ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል።»

ሥራ እንደጀመርኩ ይህን ስሰማ ወዲያው «ይጨነቃሉ?» እል ነበር። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የማይጨነቅ ማን አለ?» እውነታቸውን ነው። ዝናብ በቀረ ቁጥር ጎተራ የሚራቆትበት፣ ብዙ ቤተሰብ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የሴፍቲኔት ስንዴ ሲጠብቅ የኖረበት አገር ነው። እዚህ ጭንቀት የኑሮ ስም ነው፤ በሽታ ብሎ የሚቆጥረው የለም።

ስለዚህ አሁን የምጠይቀው ስለ ቡና ነው። «ጎረቤት ቡና ከጠሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ይቺ ጥያቄ ብዙ በር ከፍታልኛለች። አንዲት እናት ዝም ብላ ቆየችና «ጀበናው ከፋሲካ ወዲህ ተደፍቶ ነው ያለ» አለችኝ። ያን ጊዜ ሐምሌ ነበር። ሰው ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ደስ አልል ካለው ድብርትን ጠርጥር ይላል የተማርንበት መጽሐፍ። በእኛ አገር ሴት ላይ ይህ መጀመሪያ የሚታየው ምድጃዋ አጠገብ ነው። ቀጥዬ ሌሊቱን እጠይቃለሁ። «ዶሮ ሳይጮህ ነቅቼ ጣራ ጣራውን ሳይ ይነጋል» ካሉኝ ወንበሬን ጠጋ አደርጋለሁ።

የሚከብደው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን ልብ ውስጥ ይተክላል ብሎ የሚሰጋ ባለሙያ ብዙ ነው። አይተክልም፤ ያለውን ያወጣዋል እንጂ። ግን ዘሎ አይገባበትም። «ምነው ሳልነቃ በቀረሁ ያሰኝዎታል?» ብዬ እጀምራለሁ። «ለልጆቼ ስል ነው እንጂ…» ብላ የምታቆም ሴት መልሱን ሰጥታኛለች፤ የቀረውን በለሆሳስ እከተላለሁ። ቤት ውስጥ የተባይ መድኃኒት አለ ወይ? ማን ነው የሚያስቀምጠው? ዛሬ ማን አብሯት ሊያድር ይችላል? ይህን ሳላውቅ ክኒን ሰጥቼ አልሸኝም። ክኒኑን ስሰጥም እንደ ራስ ምታት መድኃኒት ወዲያው እንደማይሠራ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት እንደሚያስጠብቅ እናገራለሁ። ያልተነገራት ሴት በአራተኛው ቀን ትተወዋለች።

ጋይንት የአብነት ትምህርት አገር ነው። ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ እየተባለ ከየአገሩ ተማሪ ይጎርፍ ነበር፤ ዛሬም አልቀረም። ስለዚህ ወጣት ልጅ አእምሮው ሲታወክ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ትምህርቱ ነው። «ድግምት ሲሞክር ነው» ይባላል። ከባዱ የአእምሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የቆሎ ተማሪም ጎጆ ቀልሶ ቀለም የሚቆጥረው በዚያው ዕድሜ ነው። ሁለቱ ስለሚገጣጠሙ ቀለሙ ይከሰሳል።

አንድ አባት የ19 ዓመት የቆሎ ተማሪ ልጁን በመጫኛ አስሮ አመጣው። በማንም ላይ የማደርገውን መጀመሪያ አደረግሁ፤ ግንባሩን ዳሰስኩ፣ ትኩሳቱን ለካሁ፣ ደሙን ለወባ አስመረመርኩ። ሰሊጥ ለማጨድ ሑመራና መተማ ወርደው የሚመለሱ ልጆች ወባ ወደ አንጎላቸው ወጥቶ እየቃዡ «አበዱ» ተብለው ሲመጡ አይቻለሁ። ለእነሱ ከእኔ መድኃኒት በፊት የወባው መርፌ ይቀድማል። ይህ ልጅ ግን ትኩሳት አልነበረውም። ድምፅ ይሰማል፣ አይተኛም፣ እናቱ በወጡ መርዝ ጨምራለች ብሎ እህል ትቷል። ሃሎፔሪዶል ጀመርኩለት። አባቱን «በቀን ሁለት ጊዜ» ብዬ ሸኘሁት። ሌላ ምንም አልነገርኩትም።

በሦስተኛው ቀን የልጁ አንገት ወደ ግራ ተጠማዞ ቀረ። መንጋጋው ተቆለፈ፣ ዓይኖቹ ወደ ላይ ተሰቀሉ። መድኃኒቱ አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያመጣው የጡንቻ መኮማተር ነው፤ ፕሮሜታዚን በመርፌ ቢወስድ ብዙም ሳይቆይ ይለቀው ነበር። ቤተሰቡ ግን ያየው መንፈሱ ተቆጥቶ ልጁን ሲያንቀው ነው። ማን ይፈርድባቸዋል? ክኒኑን ጉድጓድ ጣሉት፣ ልጁን ጸበል ወሰዱት። እኔ የሰማሁት ከሰባት ወር በኋላ ነው። እነዚያ ሰባት ወራት የእኔ ናቸው።

መልሰው ያመጡት የአብነት መምህሩ፣ የኔታው፣ ነበሩ። ስለ ልጁ ከአባቱ ያላገኘሁትን ከእሳቸው አገኘሁ፤ ለአእምሮ ሕመም ታሪክ የሚጠየቀው ሰው ሁልጊዜ ዘመድ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። «ከመስከረም ጀምሮ ቀለም አልያዝ አለው» አሉ። «ያንን የመሰለ ድምፅ! እያዜመ መሐል ላይ ቀጥ ይላል፤ ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጣል። ማንን ትሰማለህ ብለው፣ እርስዎን አይደለም አለኝ።» አባቱ ያሰረው በየካቲት ነው። የኔታ ሕመሙን ከአምስት ወር በፊት አይተውታል፤ የጠየቃቸው ግን የለም።

አሁን ይህን መድኃኒት ስሰጥ አንገቴን ጠምዝዤ፣ ዓይኔን ሰቅዬ አሳያለሁ። «እንዲህ ቢሆን መንፈስ አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው። ይዛችሁት ኑ፣ ማታም ቢሆን።» ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ ግን ይመለሳል።

ጸበልን በተመለከተ ብዙ ባልደረቦቼ ከቤተሰብ ጋር ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ እኔም ተከራክሬያለሁ፤ ያተረፍኩት የለም። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ቡታጅራ አካባቢ ወደ 68 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤት ለቤት ተጠይቆ በተካሄደው ጥናት፣ ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። እንዲህ ዘመናዊ ሕክምና ያላገኘ ሰው ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም ያለው፤ በእኛ አካባቢ ጸበል የሚያድር ብዙ ነው። እንጦጦ ማርያም ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከአጥማቂዎቹ ጋር ተስማምተው ጸበልተኛውን እዚያው ማከም የጀመሩት ይህን አይተው ይመስለኛል። እኔ የማደርገው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሰዓት ማስማማት። ጸበልተኛ ጠዋት እህል አይቀምስም፤ ስለዚህ ክኒኑን ወደ ማታ አዞርለታለሁ። እንቅልፍ የሚያመጣ በመሆኑ ማታ ቢውጠው ይሻለዋል። ሳይሸሽግ እንዲወስድ ለአጥማቂው አባት እኔው ሄጄ እነግራለሁ።

የማልደራደረው በአንድ ነገር ብቻ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታሉን በድንገት አቋርጦ ጸበል ከገባ፣ መውደቁ በላይ በላዩ ሊሆንና ሊገድለው ይችላል። ለዚህ አጥብቄ እለምናለሁ። ለሃጩ ይጋባል ተብሎ እሳት ላይ ወድቃ ማንም ሳይነካት የቆየች ልጅ እጅ በፋሻ ስጠቀልል፣ ጣቶቿ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር።

ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የተለየ ሰው ይመጣል። በጦርነቱ ከነሐሴ 6 እስከ 15 የህወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫ ከተማን ይዘው በቆዩባቸው ቀናት በሴቶች ላይ የደረሰውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 ሴቶችን አነጋግሮ አውጥቶታል። ቁጥሩ የተናገሩትን ነው። ያልተናገሩት እኔ ጋ «ወገቤን» ብለው ይመጣሉ። ከእነሱ ጋር መጠየቅን ትቻለሁ። በሩን ከኋላቸው አልዘጋም፤ ክፍት ትቼ በየት እንደሚቀመጡ እነሱ እንዲመርጡ አደርጋለሁ። ውጭ ነፋስ የቆርቆሮ በር ሲያላትም አንዷ ብድግ ብላ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። «ቀልቤ ተገፎ ነው፤ አይመለስም» አለችኝ። ቃሉን አልለወጥኩባትም። መቼ መቼ እንደሚገፈፍ፣ ምን ስትሰማ፣ ምን ሲሸታት፣ ሌሊት ስንት ጊዜ፣ በእሷው ቃል አብረን ቆጠርን።

ቀጠሮ በቀን ቁጥር ብቻ አልሰጥም። «በ12፣ በሚካኤል» ወይም «በ27፣ በመድኃኔዓለም» እላለሁ፤ ያን ቀን የሚረሳ ሰው የለም። ተማሪው ከክኒን ወደ ፍሉፌናዚን መርፌ ከተዛወረ ወዲህ የእሱ ቀን መድኃኔዓለም ነው። ባለፈው ወር አባቱ ጎን ለጎን ይዞት መጣ፤ መጫኛው በትከሻው ነበር፣ ለአህያው። ልጁ ከስቶ ነበር፣ ግን ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ነበር። መደርደሪያው ላይ መርፌው አልነበረም፤ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። አራት ሰዓት በእግር የመጣን ሰው ያን መንገር ከባድ ነው። ክኒን ለአንድ ወር ቆጥሬ ሰጠሁ፣ እንደገና አንገቴን ጠምዝዤ አሳየሁ። ልጁ አየኝና «እሱን አውቀዋለሁ» አለ። አባቱ ክኒኖቹን በጨርቅ ቋጥሮ ደረቱ ውስጥ ከተተ፤ «በመድኃኔዓለም» አለና አህያውን ሊፈታ ወጣ።