አባባሉ ተሻገረ፤ ሙግቱስ? «አንጋረ ፈላስፋ»ን በወንጌል ብርሃን ማንበብ

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ አገልግላችሁ ከሆነ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ሰባኪው በአማርኛ ይናገራል፣ አስተርጓሚው በአፋን ኦሮሞ ይከተላል። አማርኛ የማይሰማው ምእመን ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄደው አስተርጓሚው ያሻገረለትን ብቻ ነው።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» ወይም «አንጋረ ፈላስፋ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። የሶቅራጥስ፣ የአፍላጦንና የአርስጣጣሊስ ስም ያለባቸው ምክሮች በግእዝ መነበብ ጀመሩ። «ከዐረብኛ የመጣ ነውና የእስልምና ነው» ብላችሁ አትሽሹት። እንዲህ ያለ የጠቢባን ቃል በዐረብኛ ከሰበሰቡት አንዱ፣ በ873 ያረፈው የባግዳዱ ሐኪም ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ፣ ክርስቲያን ነበር።

መጽሐፉን ያጠኑት ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር የኢትዮጵያ ተርጓሚ ቃል በቃል አይገለብጥም፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ያስማማል፤ ስለዚህ ሥራው የራሱ ነው ይላሉ። እውነት አለው። አድናቆቱ ግን ሌላ ጥያቄ እንዳንጠይቅ ሊያደርገን አይገባም፦ የተሻገረው ምን ዓይነት ፍልስፍና ነው?

ኢብን ሲናና ኢብን ሩሽድ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ሲተረጎሙ ሙግታቸውም አብሮ ገባ። ቶማስ አኳይናስ በ1270 «የሰው ሁሉ አእምሮ አንድ ነው» ለሚለው ትምህርት መልስ ለመጻፍ ተገደደ፤ አእምሮ አንድ ከሆነ እያንዳንዱ ሰው ስለ ሥራው እንዴት ይጠየቃል? ተቃዋሚው ነገረ መለኮቱን አሳለው።

በ«አንጋረ ፈላስፋ» የተሻገረው ግን በአብዛኛው አባባል ነው። አባባል ይደነቃል፣ ይጠቀሳል፤ «ለምን?» ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልስ የለውም። እንዴት መኖር እንዳለብን ይመክራል፤ መኖር ያቃተው ኃጢአተኛ በምን እንደሚጸድቅ ማስረዳት ግን ዓላማው አይደለም።

ጳውሎስ ሁሉን ፈትነን መልካሙን እንድንይዝ ስላዘዘን መጽሐፉን አንጣለው። ይልቅ ራሳችንን እንመርምር። ስንቱ ስብከታችን የአባባል ስብስብ ነው? ጳውሎስ በሮሜ 12 ወደ ምክር የተሻገረው በ11 ምዕራፍ የእግዚአብሔርን ምሕረት ካስረዳ በኋላ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ከመድረክ በፊት ከአስተርጓሚያችሁ ጋር ተቀመጡ፤ የምትሉትን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደምትሉትም ንገሩት። ምክንያቱ ካልተሻገረ ጉባኤው ምክር ሰምቶ ወንጌል ሳይሰማ ሊመለስ ይችላል።