እጅዎን ይታጠቡ

ኢቦላ በ2014 እ.ኤ.አ. ላይቤሪያን፣ ሴራሊዮንንና ጊኒን ሲያምስ ከደረሱት የእርዳታ ሠራተኞች ሁሉ እኔ አብልጬ የማደንቀው የሕክምና ማዕከሉ መውጫ ላይ የሚቆመውን ነው። መከላከያ ልብሱን መልበስስ ምን አለው፤ አደጋው የሚከፋው ሲያወልቁት ነው። ሐኪሙ በላብ ተጠምቆ፣ መነጽሩ በእንፋሎት ተጋርዶ፣ ሁሉን ገፎ ለመጣል ሲቸኩል፣ ያ ሰው ክሎሪን እየረጨ በእርጋታ ያዘዋል፦ «እጅዎን ይታጠቡ። አሁን መነጽሩን፤ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ደግመው ይታጠቡ።» ፕሮፌሰርም ቢሆን (እሰየው!) ይታዘዛል። በአፍሪካ ኅብረት በኩል የሄዱት የእኛ የጤና ባለሙያዎችም ያገለገሉት እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ነው። እንደዚያም ሆኖ በወረርሽኙ ከ800 በላይ የጤና ሠራተኞች ተይዘዋል። ሐኪሞቹን ስናመሰግን ይህንን አዛዥ አንርሳው።