የሊኑክስ ከርነል ግንባታ ስያሜዎች፦ በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሒስ

የሊኑክስን ከርነል ለልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች አስማምቶ እንደገና ስለ መገንባት የሚያስረዳ መመሪያ ወደ አማርኛ ተመልሶ ረቂቁ ለአስተያየት ደርሶናል። ከርነል በኮምፒዩተሩ ቁሳዊ አካልና በፕሮግራሞች መካከል ቆሞ አንጎለ ኮምፒዩተሩን፣ ማኅደረ ትውስታውንና ሌሎቹን መሣሪያዎች የሚያስተዳድር የሥርዓቱ ዋና ክፍል ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሥራውን የጀመረው ኢንቴል 386 ላለው ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ዛሬ ከእጅ ስልክ እስከ ሱፐርኮምፒዩተር ድረስ ያገለግላል። ለየመሣሪያው እየመረጡ መገንባትም ከዚሁ ስፋት የመጣ ነው።

ተርጓሚው ከርነልን «አስኳል» ብለውታል። እንግሊዝኛው ከርነልና ሼል ብሎ ፍሬንና ልባሱን እንዳጣመረ፣ አማርኛውም አስኳልንና ቅርፊትን ከእንቁላል ስለሚያገኝ ምርጫው የሚመሰገን ነው። «አርክቴክቸር»ን «ሥነ ሕንፃ» ማለታቸው ግን አያስኬድም። እዚህ ላይ የሚጠየቀው የአንጎለ ኮምፒዩተሩ ዓይነት ነውና፣ ይኸው በግልጽ ቢጻፍ ይበቃል።

ዋናው ቅሬታችን በግሦቹ ላይ ነው። በዝግጅቱ ጊዜ፣ መሣሪያዎችን ለሚያሠሩት ለአብዛኞቹ ድራይቨሮች ሦስት ምርጫ ይቀርባል። «ዋይ» ድራይቨሩ ከአስኳሉ ጋር እንዲዋሐድ፣ «ኤም» ተለይቶ በሞጁልነት እንዲዘጋጅና ሲያስፈልግ እንዲጫን፣ «ኤን» ጨርሶ እንዲቀር ያዛል። ረቂቁ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያለ ልዩነት «ማካተት» ይላቸዋል። ይህም የስያሜ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የሥርዓቱ ዋና ፋይሎች ያሉበትን ዲስክ የሚያሠራው ድራይቨር በሞጁልነት ቢዘጋጅ፣ ሞጁሉ ራሱ የሚቀመጠው በዚያው ዲስክ ላይ ነው። ስለዚህ ድራይቨሩን የያዘ ጊዜያዊ የመነሻ ፋይል ሥርዓት ካልቀረበለት በቀር አስኳሉ ዲስኩን ሳያገኝ ይቆማል። ነገሩ ቁልፉን ከሣጥኑ ውስጥ ትቶ ሣጥኑን እንደ መቆለፍ ነው። መመሪያውን ቃል በቃል የተከተለ አንባቢ ኮምፒዩተሩ አልነሣ ቢለው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ስለዚህም «ማዋሐድ»፣ «በሞጁልነት ማዘጋጀት» እና «መተው» የሚሉት ተለይተው እንዲገቡ፣ በመመሪያውም ከዳር እስከ ዳር ሳይለዋወጡ እንዲሠራባቸው ሐሳብ እናቀርባለን። ስም ከባዕድ ቢዋስ አንባቢ ውሎ አድሮ ይለምደዋል፤ ሁለት ተግባሮች በአንድ ግሥ ሲጠሩ ግን የሚለየው ምልክት የለውም። የስያሜ ሠሪም ሆነ የተርጓሚ ድካም ከስሙ ማማር ይልቅ በቅድሚያ በዚህ ልዩነት ላይ ሊውል ይገባዋል እንላለን።