ቤቱ ከመሸጡ በፊት

ቤታቸውን የሸጡ ሰዎች የሚደውሉልኝ ብዙውን ጊዜ ዕቃ ሊጭኑ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው። «ሎሚዋን ንቀልልኝ፣ ትቻት አልሄድም» ይሉኛል። አዝንላቸዋለሁ፤ በሦስት ቀን ግን የሚሆን ነገር የለም።

ጉለሌ ያሉ አንዲት እናት ግን መጋቢት ላይ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ቤቱን ልሸጠው ነው። ለመስከረም ሴት ልጄ ዘንድ እገባለሁ፤ ትንሽ ግቢ አላት።»

«እማማ፣ ገዢ አይቶታል?»

«ኧረ ገና ነው።»

ደስ አለኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛፍና አዝመራን ከመሬቱ እስኪለዩ ድረስ የመሬቱ አካል ያደርጋቸዋል። የሚወሰድ ተክል ካለ ገዢ ግቢውን ሳያየው ማንሳት፣ አለዚያም ውሉ ላይ በግልጽ ማስፈር ነው።

የሎሚዋ ግንድ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ሚያዝያ ላይ ከግንዷ 25 ሴንቲ ሜትር ርቄ ዙሪያዋን በስለታም አካፋ ቆረጥኩና ቦዩን በአፈርና በበሰለ ፍግ ሞላሁት። የተቆረጠ ሥር ከጫፉ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ ሥር ያወጣል፤ ውሃ የሚጠጣላት እሱ ነው። ሐምሌ ሲገባ፣ ዝናቡ አፈሩን ካራሰው በኋላ፣ ከሥሯ ቆርጬ አፈሯን እንዳቀፈች በጆንያ ጠቀለልኳት። ለሁለት ተሸክመን አወጣናት። ከቅርንጫፏ ሲሶውን ቀነስኩ፤ የተረፋት ሥር ያን ሁሉ ቅጠል አይችልም።

ጽጌረዳዋን የተከሏት ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው። ግንዷ አርጅቷል፣ ብትነቀል አትተርፍም። እርሳስ የሚያህሉ ዐሥር ቁራጮች ወስጄ፣ ሁለት ሦስተኛቸውን አፈር ውስጥ ቀበርኩ። እማማ ቅር አላቸው፤ «እሷን ራሷን ነበር የፈለግኩት» አሉ። ከዘር የበቀለች ጽጌረዳ ሌላ ናት፤ ከቁራጭ የጸደቀች ግን ቀለሟም ሽታዋም ያው የእሳቸው እንደሆነ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ሰባቱ ጸደቁ። ጤና አዳሙ አላስቸገረም፤ ቀንጠብ አድርጎ መትከል ነው።

ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ቡና ግን አልነካም አልኩ። ከዓመታት በፊት አንድ የቆየ ቡና ነቅዬ አውቃለሁ። የቡና ዋና ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ዙሪያውን ቆፍሬ ስስበው ከጉድጓዱ ውስጥ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ቅጠሉ በሳምንቱ ደርቆ በእጄ ስነካው ይንኮሻኮሽ ነበር። ባለቤቱ ምንም አላሉኝም፤ እኔ ግን ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ቁልፍ በሚያስረክቡበት ቀን እማማ ቡና አፈሉልን። በረካው ካለቀ በኋላ ጀበናውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። አተላውን ቡናዋ ሥር ደፉና ለገዢዋ፣ «የለመደችው ይሄን ነው፤ ሌላ ቦታ አትድፊው» አሏት።