በሁለት ጎድን መሃል

እማማ በጀርባቸው ተጋድመዋል። የጎድናቸው መሃል እንዲሰፋ ቀኝ እጃቸውን ከራሳቸው ሥር አድርገዋል። አጥንቶቹን አንድ በአንድ በጣቴ እየዳሰስኩ ወርጄ፣ ጉበት ወፍሮ በሚተኛበት በኩል፣ በሁለት ጎድን መሃል ያለችውን ስስ ቦታ አገኛለሁ። ጄሉ ሲያርፍባቸው ሽምቅቅ ይላሉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ።

«ደም ትወስጃለሽ?»

«አልወስድም እማማ። መርፌም የለውም።»

እዚህ እስራኤል፣ ሐዴራ አጠገብ፣ በጋን ሽሙኤልና በዙሪያው ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። ከእኛ ሰዎች የተለገሰ ደም በስውር ሲደፋ መኖሩ በ1996 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ሲታወቅ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ጮኋል። ያን ዘመን የኖረ ሰው ክንዱን ለመርፌ ሲዘረጋ ዛሬም ይከብደዋል። ይህ የጉበት ምርመራ የደም ምርመራን አይተካም፤ ሄፓታይተስ ቢ መኖር አለመኖሩን የሚነግረን ደም ነው። ነገር ግን ሕክምናው ሳያቆስል ከጀመረ፣ ሰው ለቀጣዩም እሺ ይላል።

መሣሪያው ፋይብሮስካን ይባላል፤ ሥራው እንደ ዳሳሽ ጣት ነው። ጫፉ ጎድን ላይ ጠቅ ሲያደርግ በ50 ኸርዝ የሚርገበገብ አንድ አጭር ምት ወደ ጉበት ይገባል። አልትራሳውንዱ ያንን ምት እየተከተለ ፍጥነቱን ይለካል። ጠባሳ የበዛበት ጉበት ይጠጥራል፤ በጠጣር ነገር ውስጥ ደግሞ ምቱ ይፈጥናል። ፍጥነቱ በሰከንድ አንድ ሜትር ሲሆን ጥንካሬው 3 ኪሎፓስካል ነው፤ ሁለት ሜትር ሲሆን 12 ይደርሳል። በጤነኛ ጉበት ላይ ከ6 በታች እናነባለን። ከ10 ሲያልፍ እንጠራጠራለን፣ ከ15 ሲያልፍ ጉበቱ በብርቱ እንደተጎዳ እናስባለን።

ይህንን በኪሎፓስካል የምነግረው ለሐኪሙ ነው። ለሕመምተኛው የምነግረው በፍሬ ነው። ጋን ሽሙኤል ኪቡጽ (የጋራ መንደር) ከመሆኑ በፊት በረቢ ሽሙኤል ሞሂሌቨር ስም የተተከለ የትርንጎ ማሳ ነበር። የበሰለ ብርቱካንና ትርንጎ በየተራ በመዳፍ ጨበጥ ያደረገ ሰው ልዩነቱን ቃል ሳልጨምር ይረዳዋል። አንድ ቀን ይህንን ስተርክ አንዲት ከደምቢያ የመጡ እናት አቋረጡኝ። «ልጄ፣ እኔ እኮ በሬ ሲታረድ አይቻለሁ፤ ትል የገባበት ጉበት ቢላ ሲያርፍበት ይንኮሻኮሻል» አሉኝ። ጠባሳ ማለት ምን እንደሆነ ከዚያ በላይ የገለጸልኝ መምህር የለም።

አንድ ልኬት በቂ አይደለም። አሥር ትክክለኛ ልኬት ወስደን መካከለኛውን ቁጥር እንይዛለን። ልኬቶቹ እርስ በርስ ከተራራቁ፣ ማለትም መሃል ላይ ያሉት ግማሾቹ ልኬቶች የሚሰፉበት ልዩነት ከመካከለኛው ቁጥር 30 በመቶ ካለፈ፣ ቁጥሩ ቢያምርም አልፈርምበትም። እጄ ትንሽ ካጋደለ፣ ጫፉን ካላላሁ ወይም ሰውየው ትንፋሹን በኃይል ከሳበ ምቱ ይበላሻል።

ሥራውን በጀመርኩበት ክሊኒክ የሠራሁትን ስሕተት አልረሳውም። አንዲት ሴት «እህል ቀምሰዋል?» ብዬ ብጠይቃቸው «አልቀመስኩም» አሉ። 9.6 አነበብኩ፤ ሄፓታይተስ ቢም ነበረባቸውና ልባቸው እስኪርድ ተጨነቁ። እርሳቸው እህል ያሉት እንጀራን ነው። ጠዋት ሻይ በወተትና ሁለት ቁራሽ ዳቦ ወስደው ነበር። ሰው ሲበላ ወደ ጉበት የሚፈሰው ደም ስለሚጨምር ጉበቱ ይወጠራል፤ ስለዚህ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሦስት ሰዓት መጾም አለበት። በባዶ ሆድ ሲመለሱ 7.2 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ «ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ አፍዎ የገባው ምንድን ነው?» እላለሁ። የልብ ድካም ወይም ሐሞት የሚዘጋ ነገር መኖሩንም እጠይቃለሁ፤ እነዚህም ያለ ጠባሳ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታልና።

ከፍ ያለው ቁጥር ቢሳሳት ሰው ይደነግጣል፣ ደግመን እንለካለን። እኔን የሚያስፈራኝ ዝቅ ያለው ነው። በደምቢያና በጣና ዙሪያ ብልሃርዝያ፣ ከውሃ የሚይዘው የትል በሽታ፣ የቆየ ነው። ሴቶቻችን በወር አበባ ጊዜ ከሚለዩበት የመርገም ጎጆ ሲወጡ ወንዝ ወርደው ሰውነታቸውን ያጠልቁ ነበር፤ ልብሱም የሚታጠበው፣ ውሃውም የሚቀዳው እዚያው ነው። የትሉ እንቁላል ወደ ጉበት በሚገቡት የደም ሥሮች ተወስዶ እዚያው ይቀመጣል፤ ጠባሳው የሚከበው ሥሮቹን ነው። በመሃላቸው ያለው ሥጋ ለስላሳ እንደሆነ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው 6 ብሎ ሲያነብ፣ ጣፊያው አብጦ፣ የጉሮሮው የደም ሥር ሊፈነዳ ተወጥሮ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን የሚያሳየው ተራው አልትራሳውንድ ነው፤ በሥሮቹ ዙሪያ ነጭ ወፍራም ቀለበት ይታያል። ትሎቹ ከዓመታት በኋላ ይሞታሉ፣ ጠባሳው ግን አብሮ ባሕር ይሻገራል።

አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ሲጀመር ለማን መድኃኒት ይሰጥ የሚለውን ለመወሰን ከረዱት አንዱ ይኸው መሣሪያ ነው፤ ከ1,000 በላይ ሰዎች ገብተውበታል። ስለዚያ ፕሮግራም ሳነብ በኩራት ነው የማነበው። አልጋው ላይ የሚጋደሙት የእኔ እናቶች የወጡበት አገር ነውና።

የዛሬዋ እማማ ውጤታቸው 5.8 ነው። የቀረውን ጄል በወረቀት እየጠረግሁላቸው እጠይቃለሁ።

«በልጅነትዎ ውሃ የሚቀዱት ከየት ነበር?»

ፈገግ አሉ። «ከመገጭ ወንዝ ነዋ። ክረምት ሲመጣ ይሞላል፤ እኛም እየዋኘን እንሻገራለን።»

ማስታወሻዬ ላይ ከ5.8 አጠገብ መገጭ ብዬ ጻፍኩ፤ ጉበታቸውና ጣፊያቸው በተራው አልትራሳውንድ እንዲታይ ቀጠሮ ያዝኩላቸው።